ተሰፋ ወይስ ተገኘ

«"ተገኘ" ስትል? ዓለም የጠፋ በግ ነው እንዴ?» አለኝ ወንድሜ፣ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳያነሳ።

«ልካችን ሆኖ ተገኘ ማለቴ ነው።»

«መጀመሪያ ያነበብክልኝ ግጥም ግን "ዓለም በልካችን ተሰፋ" ነበር የሚለው። መዘምራኑ ዜማ አውጥተውለታል። እሁድ ይዘመራል።»

ልጆች በወላይትኛ መማር የጀመሩበት ሰሞን ነው። ሶዶ ገበያ ዳር፣ ከታላቅ ወንድሜ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል እኖር ነበር። እሱ ልባሽ ጨርቅ ያጠብባል፣ ያሳጥራል፤ እሁድ እሁድ ይዘምራል። እኔ ያገኘሁትን አነባለሁ። ሽፋኑ የተገነጠለ የፊዚክስ መጽሐፍ ተውሼ፣ የስበት ኃይል ጠንከር ቢል ኖሮ ከዋክብት ቶሎ ነደው እንደሚያልቁ፣ ላላ ቢል ደግሞ ጭራሽ እንደማይሰበሰቡ አነበብኩ። መቀመጥ አቃተኝ። ግጥሙ የመጣው ከዚያ ነው።

ሐሳቤን የለወጠው ልባሽ ተራ ነው። አንድ ሰውዬ ክምሩን ሲያገላብጥ ቆይቶ ኮት አወጣና ለበሰ። «ለኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አለ። የሰፋው ሰው ሶዶ የት እንዳለች እንኳ አያውቅም። ክምሩ ትልቅ ስለሆነ አንዱ ልኩ ሆኖ መጣለት። ዓለማትም እንደዚያ ብዙ ከሆኑስ? ልካችን ባልሆነው ዓለም ውስጥ አንፈጠርም፤ ስለዚህ የምንጠይቀው ልካችን በሆነው ውስጥ ብቻ ነው።

ይህን ስነግረው ወንድሜ መኪናውን አቆመ።

«እና ያንን ኮት ማንም አልሰፋውም?»

«ሰፊማ አለው። ሰውዬውን ግን አልለካውም።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና ጣቱ ላይ ይጠቀልለው ጀመር። የመጀመሪያ ልጁን ባለፈው ክረምት ሁምቦ፣ የሚስቱ ቤተሰቦች ዘንድ፣ በወባ አጥቷል። ስለሱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

«አንተ የምታወራው ስለ ፀሐይ ነው» አለ። «እኔ ልጄን ነው የማስበው። ለክቶ የቆረጠ ካለ፣ አንድ ቀን ለምን አሳጠርከው እለዋለሁ። ክምር ከሆነ ማንን ልጠይቅ?»

«ተሰፋ» የምትለዋን ቃል ወደ ቦታዋ ብመልስለት ይበቃ ነበር። እርሳሱም እጄ ላይ ነበር። ግን ያላመንኩበትን ከጻፍኩ ሁለተኛ የምጽፍ አልመሰለኝም።

«ልክ አይደለማ» አልኩት።

ቃሉ እውነት አይደለም ማለቴ ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ልክ ሲወስድ የሚውል ሰው ነው፤ ልክ ሲባል የሚሰማው ሜትር ነው። የልጁን ዕድሜ ማንም አልለካውም ያልኩት መሰለው። ላስረዳው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ።

«በቃ፤ ሰምቻለሁ።»

ግጥሙ ያለበትን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስቶ በጥንቃቄ አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው።

«እኔ "ተሰፋ" ብዬ ነው የምዘምረው። አንተ ግን እሁድ አትምጣ።»

ወጣ። በሩን በኃይል እንኳ አልዘጋውም፤ እንደ ሌላው ቀን ገጠመው።