የአያ ውዱ ካብ

«አቶ ውዱ በላቸው በግብርና ሥራ ይተዳደሩ ነበር።» አለቀ! አምና ጥር ላይ አባቴ ሲቀበር የተነበበለት የሕይወት ታሪክ ይኸው ነው። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ይተዳደሩ ነበር፣ አረፉ። ያነበበው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ሲከት ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት። እንዴ! ወደ ዘጠና ዓመት ሲለፋ የኖረ ሰው እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ይጨረሳል? ቀብር ላይ ነበርኩና አፌን ያዝኩ። ዛሬ ግን ማንም አያስቆመኝም። እኔ የትነበርሽ፣ የውዱ ልጅ፣ የአባቴን ሥራ እናገራለሁ።

አገራችን ከዳባት ወጣ ብሎ ነው፤ ደጋ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት። እናቴ አየለች የሞተችው እኔ ገና የወተት ጥርሴን ሳልነቅል ነው። መልኳን እንኳ በደንብ አላስታውሰውም። የተቀበረችው ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ከአጥሩ ጥግ ነው። ከአጥሩ በታች የእኛ ማሳ አለ፤ ከማሳው በታች ቦረቦሩ።

ቦረቦር የማያውቅ ከተሜ ካለ ልንገረው። ጎርፍ መሬቱን እየሰረሰረ የሚከፍተው ገደል ነው። መጀመሪያ ጥጃ የሚዘለው ቦይ ነው፤ ክረምት ሲደጋገምበት በሬ ከነቀንበሩ ይውጣል። የእኛው በየዓመቱ ወደ ላይ ወደ ላይ ይበላ ነበር። መጀመሪያ የአባቴን ማሳ አጋመሰው፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ጣለው። ከዚያ በኋላ ተራው የእናቴ መቃብር ነበር።

«አፅሟን አፍልስ» አሉት ሽማግሌዎቹ። ሸጋ ምክር ነው፣ አገር ያደርገዋል። አባቴ ግን «እሷን ባፈልሳት ነገ ገደሉ የሚያገኘው የእናንተን እናት ነው። ስንቱን ተሸክመን ልንዞር?» አላቸው። ሌላ ሚስት አግባ ሲሉትም «መጀመሪያ ያችን ከገደል ላድናት» ይል ነበር።

እናም መካብ ጀመረ። በበጋ ድንጋይ ፈልጦ፣ በትከሻው ተሸክሞ ቦረቦሩ ውስጥ ወርዶ ይክባል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ካቡን እንደ ገለባ ጠርጎት ይሄዳል። እንደገና ይክባል፣ እንደገና ይወስድበታል። ሰው ሳቀበት። ከሁሉ የባሰው ጎረቤታችን አያ ባዬ ነበር፤ ሰውየው ምላሱ እሾህ ነው። «ውዱ፣ ምነው ለጎርፉ ድንጋይ ታቀብለዋለህ? እሱ ራሱ ያነሳ የለም እንዴ!» ይለዋል። ያኔ ባዬን ብፈነክተው ደስታውን አልችለውም ነበር።

አባቴ ተስፋ አልቆረጠም። እህቱን ጠላ አስጠምቆ፣ በግ አርዶ ደቦ ጠራ። መጡ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ አንድ ቀን ተሸከሙ። ለሁለተኛው ጥሪ ግን ዝር ያለ የለም። ልፍረድባቸው? ደቦ ለእርሻና ለአጨዳ ነው እንጂ ለገደል ተጠርቶ አያውቅም። ሁሉም የራሱ ማሳ ይጠብቀዋል።

ነገሩ የተገለበጠው በአንድ የሚካኤል ዕለት ነው። በእኛ አገር የበዓሉ ብዛት መቼም አይነገር! በዓል የሻረ በረዶ ያመጣል ተብሎ ሞፈር የሚነካ የለም። ያን ዕለትም ቅዳሴ አልቆ ወንዱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ዛፍ ጥላ ሥር ተኮልኩሎ ነበር። አባቴ ያንን ሁሉ ሥራ የፈታ ትከሻ ትክ ብሎ አየና ብድግ ብሎ ወደ ቄስ ሀብተሥላሴ ሄደ። እኔም ነጠላዬን እየጎተትኩ ተከተልኩት።

«አባ፣ በበዓል ማረስ ነውር ነው?»

«ምነው ውዱ፣ ይኸን ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ? ነውር ብቻ! ኃጢአት ነው እንጂ።»

«የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲፈርስ ግን በበዓል ድንጋይ ተሸክመናል።»

«እሱማ በረከት ነው።»

«እንግዲያው ቦረቦሩ የበላው የሚካኤልን አጥር ነው። ሙታኑም የሚካኤል ናቸው። አልቆፍር፣ አልፈልጥ፤ ድንጋይ አንስቶ ማስቀመጥ ነው። ይኸ በረከት ነው ኃጢአት?»

ቄሱ ጢማቸውን ይዘው ቁልቁል ወደ ቦረቦሩ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር አንድ ድንጋይ አነሱ፣ በዚያ ነጭ ልብሳቸው ላይ አቅፈው ቁልቁል ወረዱና ቦረቦሩ ውስጥ ጣሉት። ተመልሰውም ጥላ ሥር ለተቀመጠው ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ሚካኤልን ሊሳለም የሚመጣ ሁሉ ድንጋይ ይዞ ይምጣ!» አሉ። ቄስ ተሸክመው እያዩ ማን ይቀመጣል? ሁሉም አቧራውን እያራገፈ ተነሳ።

ከዚያ ወዲያ አባቴን ማን ይቻለው! በበዓሉ ድንጋይ ይመጣለታል፣ በአዘቦቱ እሱ ይክባል። ቄሱም ነገሩ ጣማቸው መሰለኝ፣ ንስሐ ለሚገባው ሰው ሁሉ ከስግደቱ በላይ ድንጋይ ይጨምሩበት ጀመር። ጉድ በሉ! ዐቢይ ጾም ላይ አያ ባዬ ሁለት ጎረምሳ የማያነሳውን ቋጥኝ ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ምን እንዳጠፋ የጠየቀው የለም፤ መንደሩ ግን የድንጋዩን መጠን አይቶ ገመተ።

«ውዱ፣ ኃጢአቴን ሁሉ ለካብህ ሰበሰብከው» አለ እያለከለከ።

«ይኸን የመሰለውን ከታች አድርገው፣ መሠረት ይሆነኛል» አለው አባቴ።

ባዬ ራሱ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ሳያዘው ይመጣ ነበር።

ነሐሴ ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና ኮረብታው ሁሉ ውሃ ሆነ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አፋፉ ላይ ቆመ። የገደሉ አፍ ያኔ የእናቴ መቃብር ጥግ ደርሷል፤ ካቡ ከተወሰደ እሷም አብራ መሄዷ ነው። አባቴ ከመቃብሯ አልነቃነቅ አለ። «ኧረ ተመለስ፣ ይዞህ ይሄዳል!» ቢሉት አልሰማም። ጎርፉ ግንድና ጭቃ እየነዳ ወደ ቦረቦሩ ወረደና ካቡን መታው። መሬቱ ሲርድ በእግሬ ተሰማኝ። ካቡ ግን ወይ ፍንክች! ውሃው ተገትሮ ቆመ፣ ተሽከረከረ፣ ጭቃውን እዚያው ዘረገፈና በካቡ አናት ላይ ኩልል ብሎ አለፈ።

አባቴ አንበሳ አልገደለ፣ ጠብመንጃ አልተኮሰ፤ በዕድሜው ፎክሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን ዱላውን ወዘወዘው፦

«ዘራፍ! ዘራፍ የአየለች ባል! ድንጋይ አስታጥቆ ጎርፍ የማረከ!»

ወንድ በአባቱ ይፎክራል፣ በፈረሱ ይፎክራል፤ በሟች ሚስቱ ስም ሲፎክር ማን ሰምቶ ያውቃል? ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው ቀሩ። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ጎርፉ ራሱ አገልጋዩ ሆነ። በየክረምቱ አፈር እያመጣ ከካቡ ኋላ ይከምርለታል፣ አባቴም ካቡን ከፍ ያደርጋል። እኔ አድጌ ጎንደር እስክዳር ቦረቦሩ ሞልቶ ገብስ ተዘራበት፤ የሚካኤልም አጥር ወደ ቦታው ተመለሰ። አባቴ ካረጀ በኋላ ለጥምቀት ጎንደር አመጣሁትና ቀሐ ወንዝ ወርደን አከበርን። ቤቴ ቁስቋም ነው፤ በማግስቱ እዚያ ጥንት እቴጌዋ ያሠሩትን ግንብ ፍርስራሽ ዞሮ ዞሮ አየና «ኖራ ባይኖራቸው ጉዳቸው ነበር። ካብስ የእኔ!» አለኝ። ልጄ ሄለን በሳቅ ሞተች። ሰንብት ብዬ ብለምነው አሻፈረኝ ብሎ ወደ ካቡ ሄደ።

አምና በሬዎቹን ውሃ አጠጥቶ ተመለሰና ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ዐረፈ። ጎረምሶቹ መቃብር የሚቆፍሩበትን ቦታ ሲጠይቁ አያ ባዬ ምርኩዙን ተደግፎ መጣና ከእናቴ ጎን፣ በቦረቦሩ በኩል ጠቆማቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያ ላይ መሬት የሚባል አልነበረም። ዶማው ሲገባ ጥቁር ለም አፈር ወጣ። ጎርፍ ሊለያያቸው የነበረውን ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው፤ አባቴ ራሱ በሠራው መሬት ውስጥ፣ እናቴ አጠገብ ተኛ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስታው ከሐዘኑ በለጠብኝ። ሴቶቹ ሙሾ ሊያወጡ ሲሉ እኔ እልል አልኩ። አንዷ «ኧረ የሰው ያለህ፣ ልጅቷ አበደች!» ብላ አፌን ልትይዝ መጣች። እጇን ከአፌ አንስቼ ደግሜ እልል አልኩ።