አራሷ እንሽላሊት

ዐረብ አገር፣ ጅዴይዴ በሚባል ሰፈር ውስጥ በምጠብቀው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከመጻሕፍቴ አጠገብ፣ አንድ ሰሞን እንሽላሊት አኑሬአለሁ። የእኔ አልነበረም። ያመጣችው ከኋላችን ባለው ጠባብ ቤት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ በየቤቱ እየዞረች የምታጸዳ ያገሬ ልጅ ናት። አሠሪዋ ፈረንሳይ የምትማረውን ሴት ልጇን ለመጠየቅ ስትሄድ፣ ልጅቷ ትታው የሄደችውን እንስሳ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አደራ ብላ ሰጠቻት። አገጩ ሥር እሾህ መሳይ ጢም ያበቀለ፣ ክንድ የሚያህል ፍጡር ነው። በጢሙ የተነሣ ወንድነቱን ማንም አልተጠራጠረም። የሚሞቅበት አምፖል መጥፋት አልነበረበትም፤ የማይቋረጥ የጄኔሬተር መስመር ያለው ደግሞ እኔ ዘንድ ነው። የመስታወት ሣጥኑ በዚህ ምክንያት ወደ ክፍሌ ገባ።

ጥቂት ሳምንታት በሰላም አለፉ። ከዚያ በድንገት መብላት አቆመ። ጅርጂር የሚባለውን ቅጠል ብትቆርጥለት ፊቱን ያዞራል፤ ፌንጣ ብታቀርብለት አያይም። ቀኑን ሙሉ አሸዋውን ሲቆፍር ይውላል።

«ጋሼ፣ መቃብሩን እየቆፈረ ነው!» አለችኝ፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው። «ከሞተ ኸላስ፣ አለቀልኝ፤ ማዳሜ ቁልፏን ትቀበለኛለች። ወረቀት የሌላትን ሴት ደግሞ ማን አምኖ ቤቱን ይሰጣታል?»

እውነቷን ነበር።

እሷና ጓደኞቿ እሑድ እሑድ በኪራይ አዳራሽ የሚያመልኩ ጴንጤቆስጤዎች ናቸው። ከአምልኮ መልስ ሦስቱም ሊጸልዩለት መጡ። በእነሱ ሥርዓት ለታመመ ሲጸለይ እጅ ይጫንበታል፤ ችግሩ ግን ሦስቱም እንሽላሊት መንካት አይደፍሩም።

«እርስዎ ይጫኑልን፣ ጋሼ።»

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«እሱስ ምን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ያላ፣ እጅዎን ያስገቡ!»

ማተቤን ባንገቴ እንዳንጠለጠልሁ እጄን ከሆዱ ሥር አሳልፌ ያዝሁት። እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ። በዚያ መሐል መዳፌ ላይ የወይን ፍሬ የሚያካክሉ ብዙ እብጠቶች ተሰሙኝ። ዕጢ ነው ብዬ ደመደምሁ። «አሜን» ሲሉ «አሜን» አልሁ፤ ስለ እብጠቱ ግን ትንፍሽ አላልሁም።

በማግስቱ ጠዋት አምፖሉ ሥር ሆዱ ጎድሎ ተዘርሯል፤ አጠገቡ፣ በአሸዋው ግማሽ ተቀብረው፣ ነጫጭ እንቁላሎች ተከምረዋል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ከዚያ ሄጄ የሴቶቹን በር ደበደብሁ።

እልልታቸው ሕንፃውን አናጋው። እኔም እንደ ወጉ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብዬ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልሁ።

«እንኳን ጌታ ማረሽ ነው የሚባለው» ብላ አንደኛዋ አረመችኝ።

ሌላዋ ሣጥኑን ዞር ዞር ብላ ካየች በኋላ፣ «ቆይ ቆይ፣ አባትየው ማን ነው? የከረመችው እርስዎ ክፍል ነው፣ ጋሼ!» አለች።

ሦስቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ባለአደራዋ ግን ቶሎ ሳቋን ዋጠች። ለአሠሪዋ መደወል ነበረባት። ወንድ ተረክባ ሴት ከነእንቁላሏ ስታሳይ፣ «የእኛን ሸጠሽ ሌላ ተካሽ» ብትባልስ? ደውላ ስልኳን ወደ እንቁላሎቹ አዞረች። ከማዶ እናትና ልጅ እኩል ጮኹ። ልጅቷ በእንሽላሊቷ ጀርባ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታ የራሷ እንስሳ መሆኗን አወቀች። የእንስሳት ሐኪም ጠይቃም መልሳ ደወለች፦ ያለ ወንድ እንኳ እንዲህ ይጥላሉ፤ እንቁላሎቹ ግን አይፈለፈሉም።

ማዳሟ ስልኩን ተቀበለች። «ሐቢብቲ፣ ቁልፉን አንቺው ያዢው። እኛ ገና ብዙ እንቆያለን፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ካንቺ በቀር ማን እንዲህ አድርጎ ይጠብቅልናል?»

ስልኩ እንደተዘጋ ባለአደራዋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ስትመለስ ከሳብራ ገበያ የገብስ ዱቄት ይዛ ነበር፤ አራስ ያለችበት ቤት ያለ ገንፎ አይሆንም ብላ። ቅቤና በርበሬው መሐሉ ላይ ፈሶ ቀረበ። አራሷ ፌንጣዋን ስታኝክ፣ እኛ አራታችን ከአንድ ሳህን በየጠርዛችን እየቆረስን ጨረስነው።