የሳህኑ ዳር ጉርሻ

ከጎረቤት ቅቤ ሲነጠር፣ የኮሰረቱ ሽታ በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል፤ እኔ ግን እጄ ያለበትን ሥራ ትቼ ዛሬ ጾም ይሆን እንዴ ብዬ ቀን እቆጥራለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ እነሱ ያቺን ሰኞ አያውቋትም።

ያኔ ናዝሬት ነበርን፣ ዘመኑ የደርግ ነው፣ እኔም የወተት ጥርሴን ጥዬ አልጨረስኩም። ከአጥሩ ወዲያ አዴ ጉዲሴ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን፣ ልጃቸው ለሊሴ እኩያዬ ነበረች፤ እኛ የማርያም ነን፣ እነሱ ደግሞ ጴንጤዎች ስለነበሩና ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገባቸው በራቸውን ዘግተው በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። እማዬ መዝሙሩን ስትሰማ ሬዲዮናችንን ከፍ ታደርግላቸው ነበር፣ ለመንገደኛ እንዳይሰማ ብላ። በአንድ ክረምት፣ ጎርፉ መንገዱን ሁሉ አሸዋ አልብሶት ሳለ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሁለታችንንም አባቶች ወሰዷቸው። የለሊሴን አባት ጋሽ ቶላን ለጸሎታቸው ነው አሉ፤ የእኔን አባት፣ ከሲንጀር መኪናው ቀና ብሎ የማያውቀውን ልብስ ሰፊ፣ ለምን እንደሆነ የነገረን ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ቀትር ሲሆን እኔና ለሊሴ በጨርቅ የታሰረ ሳህናችንን ይዘን ወደ እስር ቤቱ በር እንሄድ ነበር። ዘበኛው ስም ጠርቶ ይቀበለናል፣ ትንሽ ቆይቶ ባዶውን ይመልስልናል። አባዬ ታዲያ ከሳህኑ ዳር አንዲት ጉርሻ ጠቅልሎ ያስቀርልኝ ነበር፣ ሁልጊዜ አንዲት፣ ሁልጊዜ በዚያው ዳር። እኔም እዚያው ቆሜ እጎርሳታለሁ። ከእሱ የሚደርሰን ወሬ ይኸው ብቻ ነበር። ሳህን ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው አለ ማለት ነው፤ ሙሉውን የተመለሰ ቀን ግን ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም፣ ሴቶቹ እዚያው በር ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዝቁ ነበር።

መስከረም ጠባ፣ ጎርፉ ደረቀ፣ ገና ሲቃረብ ጋሽ ቶላ ተፈቱ። እኔ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አላለኝም። ለሊሴ በራቸው ላይ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ፣ እሳቸው በካራ እየላጡ የሚሰጧትን ሸንኮራ ስታኝክ ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ አያት ነበር። በእሷ ጸጉር ቀናሁ፣ በሳቋ ቀናሁ፣ አባቷ ሲያስሉ በሳላቸው ሳይቀር ቀናሁ። እሷም አትተወኝም።

«የእኔ አባት በእጁ ነው የሚያጎርሰኝ፤ ያንቺ በሳህን ነው» አለችኝ አንድ ቀን።

ሮጬ ገባሁና እማዬን፣ «እግዚአብሔር ጴንጤ ሆነ እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም፣ አልመታችኝምም። «ልጄ፣ የእሱ ዓይን እነሱ ቤት ሲያርፍ ከእኛ ላይ ተነስቶ አይደለም» ብላ ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች። እኔ ግን አላመንኳትም። ማታ ማታ ጋሽ ቶላ በኦሮምኛ «ያ ዋቃ»፣ አምላክ ሆይ፣ እያሉ የአባቴን ስም ጠርተው ሲጸልዩ ከአጥሩ ወዲህ ይሰማኛል፤ በጸሎታቸውም ቀናሁ፣ የእነሱ ተሰምቶ የእኛ የቀረ መስሎኝ።

በጋው ሲበረታ፣ አቧራው ሰማይና ምድሩን ሲያጠፋው፣ እማዬን ወባ ጣላት። አዴ ጉዲሴም ተሯሩጠው መጡና፣ የአባትሽን ምሳ እኔ እሠራለሁ አሉኝ። ጓዳቸው የነበረችውን ቅቤ ሁሉ አሟጠው ወጥ ሠሩ፣ ሽታው ሰፈሩን አጥለቀለቀው፣ እኔም ዛሬስ የአባዬ ጉርሻ የለሊሴን ያስንቃል ብዬ እየተኩራራሁ ሄድኩ። ዘበኛው ሳህኑን ይዞ ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ። ከነክዳኑ፣ ከነቋጠሮው መለሰልኝና «ውሰጂ» አለኝ።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። አዴ ጉዲሴ ሳህኑን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እማዬ ከአልጋዋ ተነሳች፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣት ቋጠሮውን ፈታች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሰኞ» አልኳት።

«ነነዌ ገብቷል» አለች፣ «ቅቤውን ነው የመለሰው እንጂ እሱስ አለ።»

ረቡዕና ዓርብ ቢሆን አዴ ጉዲሴም ያውቁ ነበር፤ የነነዌን ሰኞ ግን ማን ነገራቸው? እማዬም በትኩሳት ውስጥ ሆና ቀኑ ጠፍቶባት ነበር። ወዲያው ድስት ጥዳ ለነገ የሚሆነውን ባቄላና ስንዴ መቀቀል ጀመረች። የሰፈር ሴቶች ሙሉ ሳህን መመለሱን ሰምተው፣ በዚያ ላይ ንፍሮ ሲያዩ፣ የለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። እማዬ በር ላይ ወጥታ፣ «ነጠላችሁን መልሱ፣ ንፍሮው ለጾም ነው» አለቻቸው። ወባው አናቷ ላይ ወጥቶ ነው አሉ። አዴ ጉዲሴ ብቻ ከድስቱ ሥር ቁጭ ብለው፣ ደስ ይበለው ብዬ ነበር እኮ እያሉ ያለቅሱ ነበር።

በማግስቱ ንፍሮውን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ለሊሴ ሳልጠራት አብራኝ መጣች። ዘበኛው ሳህኑን ሲመልስልኝ ቀለለኝ። ከዳሩ ላይ ጥቂት የባቄላ ፍሬዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ለሊሴ እጇን ልትዘረጋ ስትል ሳህኑን ወደ ደረቴ ሳብኩት፣ አንዷንም አልሰጠኋትም።

አባዬ የተፈታው በሚቀጥለው ክረምት፣ ፍልሰታ ሲፈታ ነው። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ገና እንደተቀመጠ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ፣ እኔ አፌን ገጥሜ አጥሩ ጋ ሮጥኩና ለሊሴን ጠራኋት። እያየች ጎረስኩ። አባዬም ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው እንጃ፣ ሁለተኛውን ለእሷ ጠቀለለላት፤ ኋላ እሷን አጉርሶ ሦስተኛውን ለእኔ እስኪጠቀልል ድረስ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

እማዬ እንዳለችው የእግዚአብሔር ዓይን ከሁለታችንም ቤት አልተነሳም ነበር፣ ዛሬ አምናለሁ። አሁን የልጄ ልጅ ማዕድ ላይ ስትቀመጥ አባቷ ጠቅልሎ «ነይ» ይላታል፤ እሷ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «በኋላ» ትለዋለች። ጉርሻው እጁ ላይ ይቆያል። እኔ ማዶ ተቀምጬ ተመስገን እላለሁ፣ የማንም ሳህን ከየትም በር እስኪመለስ የማትጠብቅ ልጅ በማየቴ፤ ከዚያም ያቺን የተንጠለጠለች ጉርሻ አያታለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እቀናለሁ።