የሰው ጧፍ ይዤ ከወገዳ እስከ እስቴ

ታኅሣሥ 23፣ ማለዳ፤ ወገዳ

ሰማዩ ሳይገላለጥ የተከራየሁትን ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ለአከራዬ አቀበልኩ።

«ሲስተር፣ ለበዓል አገርሽ ልትገቢ ነው?» አሉኝ።

«የለም፣ እስቴ ነው የምሄደው። እዚያ የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ።»

«እሱም ደግ ነው» አሉ፤ እንዳዘኑልኝ ግን ከድምፃቸው ያስታውቃል።

አገሬ ይርጋለም ነው። እዚህ ሲማዳ መጥቼ በነርስነት መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አምና ፈቃድ አጥቼ ቀረሁ። ዘንድሮ ፈቃዱ ተገኘ፣ መሄጃው ጠፋ፤ እናቴ በሰኔ ዐረፈች፣ ቤቱም ተከራየ። ጾሙን እንደ ወትሮዬ ይዣለሁ፣ ቅዳሴም አላስታጎልኩም። ልቤ ግን ልደት መቃረቡን አልሰማም። እናቴ በዓል ሲደርስ በክርስትና ስሜ ነበር የምትጠራኝ፤ «ወለተ ሚካኤል፣ ነጠላሽን አጣጥፈሻል?» ትለኛለች። ያቺን ጥሪ ስሰማ ለእኔ በዓሉ ገባ ማለት ነው። ወገዳ ላይ ስሜ ሲስተር ነው። በአክብሮት ነው የሚሉኝ፤ ቅሬታ የለኝም።

መናኸሪያው ውስጥ ያለችው አንዲት ቅጥቅጥ አይሱዙ ናት። ከመቀመጫ ሥር እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ መተላለፊያው ላይ የሽንኩርት ጆንያ።

«ሲስተር፣ ጋቢና ግቢ» አለኝ ሾፌሩ፤ «ከታመምን ታክሚናለሽ።»

«መጀመሪያ መኪናው ይታከም!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ ሁሉም ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ፤ ታች ጋይንት

አቧራ፣ ጠመዝማዛ፣ አቧራ። በየአውድማው በሬዎች ገብስ ያበራያሉ፤ ነፋስ ባለበት ሰዎች በመንሽ ያዘራሉ፤ ገለባው ወርቅ መስሎ ይበናል። አርብ ገበያን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከሥራችን አንድ ነገር ቋ አለ። ሾፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ ቆየና አቧራ ለብሶ ወጣ።

«የእግሩ ባሌስትራ ተሰብሯል። ዛሬ ከዚህ አንነሳም።»

«ታካሚው ተኛ!» አለ የቅድሙ ሰውዬ። አሁን ግን የሳቀለት የለም።

ተሳፋሪው በየቤቱ ተበተነ። እኔ ከማላውቀው ሰው ቤት ማደር ይከብደኛል። ነጠላዬን አጥብቄ፣ የልብስ ጥቅሌን ታቅፌ መንገዱ ዳር እንደቆምኩ አንዲት አሮጊት ከደጃፋቸው ጠሩኝ።

«ነይ ልጄ! ምን ያቆምሻል?»

ዘውዴ ይባላሉ። መደብ ላይ አስቀመጡኝ፤ አፌን ሳልከፍት ጫማዬን አውልቀው ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቀረቡ። እምቢ ብል አልሰሙኝም።

«እግርሽስ አልተላላጠም» አሉ ጣቶቼን እያሹ፤ «ገና መጀመርሽ ነው።»

አልገባኝም። የባቄላ ንፍሮና ተልባ ሰጡኝ። ስጨርስ ከጣሪያው ሥር አንድ ጥቅል አወረዱ፤ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ራሳቸው ፈትለው በሰም የነከሩት ጧፍ ነው።

«እኔ ከጉልበቴ ጋር ተጣልቻለሁ። ድሮ በየዓመቱ እሄድ ነበር። ላሊበላ ስትደርሺ ይኸን አብሪልኝ። ስሜ ወለተ ሥላሴ ነው፤ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ አስቢኝ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በዚህ ሰሞን በዚህ አገር ነጠላ ለብሳ ጥቅል የያዘች መንገደኛ ወደ ላሊበላ የምትሄድ ተሳላሚ ናት። እግሬን ያጠቡት ለበረከት ነው። ፊቴ ጋለ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ተሳላሚ አይደለሁም። በዓል ልውል እስቴ መሄዴ ነው።»

እኔን አዩ፤ ከዚያ ገበቴውን አዩ።

«ታዲያ ውኃውን ልመልሰው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ጧፉን ብመልስላቸው አልተቀበሉኝም። «ነፋስ መውጫ ስትደርሺ መንገዱ በተሳላሚ ይሞላል። መርጠሽ ስጪልኝ። በመኪና ለሚሄድ ግን እንዳትሰጪ! እኔ በእግሬ ነው ስሄድ የኖርኩት።»

ታኅሣሥ 24፤ ነፋስ መውጫ

መኪናችን በገመድና በእንጨት ታስሮ እያቃሰተ ደረሰ። ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚህ መንገዱ ለሁለት ይለያል፤ በምሥራቅ ላሊበላ፣ በምዕራብ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ እስቴ።

«ታቦር! ታቦር! አንድ ሰው!» ይጮኻል ሚኒባሱ።

ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ። ግን ጧፉ እጄ ላይ ነው።

ተሳላሚው ብዙ ነው፤ ብዙው ግን በመኪና። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች ከበሮ እየመቱ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ነው። «እህቴ፣ አምጪው፣ እናደርስልሻለን!» አለችኝ አንዷ። በእግር ለሚሄድ ብቻ እንደተባልኩ ነገርኳት።

«እኛም እኮ ስንወርድ በእግራችን ነን!»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የሳቄ ድምፅ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዘፈናቸውን ይዘው ሄዱ። ሚኒባሱም ትቶኝ ሄደ። ከበሮው ሲርቅ አደባባዩ ላይ የቀረሁት እኔና ነፋሱ ብቻ መሰለኝ። ሁሉም የሚሄድበት አለው፤ የእኔ ቦታ የት ነው?

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል በምዕራቡ መንገድ ሁለት ሽማግሌዎች ብቅ አሉ፤ ባልና ሚስት፣ ኮንጎ ጫማ፣ አንድ በትር፣ የበሶ አቁማዳ።

«አባቴ፣ እስከ ላሊበላ በእግር ነው?»

«ምን ላድርግ፣ በቅሎዬን ቤት ትቻት።»

«መቼ በቅሎ ኖሮህ ያውቃል?» አሉ ሚስቲቱ።

ከእስቴ ነው የመጡት፣ እኔ ከምሄድበት። አደራውን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ጧፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከብብታቸው ሥር አገቡት።

«የማን ስም ነው?»

«ወለተ ሥላሴ።»

«ያንቺስ?»

«እኔ ጧፍ የለኝም፣ አባቴ።»

«ጧፍ መች ጠየቅሁሽ? ስምሽን ነው።»

ከሰኔ ወዲህ ያን ስም ከአፌ አላወጣሁትም። አሁንም እምቢ አለኝ። እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ጠበቁኝ።

«ወለተ ሚካኤል።»

«ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ሚካኤል» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ያዢው፤ እኔ እረሳለሁ።»

«የራስህንስ ማን ይዞልህ ነው?»

እስኪርቁ አየኋቸው። እሳቸው ከፊት፣ ሚስቲቱ ከኋላ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፤ ስማችንን እያጠኑ ይመስለኛል።

አመሻሽ፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ

ጉናን በስተግራ አድርገን፣ ደብረ ታቦር ላይ መኪና ቀይሬ ደረስኩ። ጓደኛዬ ዓለምነሽ እጇ ሊጥ እንደነካ ከበሩ ሮጣ ወጣች።

«ትናንት አልነበር እንዴ የምትደርሺው? ብደውል ብደውል ኔትወርክ የለም!»

አቀፈችኝ። ራሴን ትከሻዋ ላይ እንዳሳረፍኩ፣ ይህን ያህል ስንዋደድ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት።

«የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ምነው፣ ቄስ ሆነሽ መጣሽ?» ብላ ሳቀች። አለመሳቄን ስታይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኅተ ማርያም። እዚህ የሚያውቀው የለም።»

«እኅተ ማርያም» አልኳት፣ «ነጠላሽን አጣጥፈሻል?»

«ለበዓሉ እኮ ቀን አለ!»

«አውቃለሁ» አልኩና ጫማዬን ላወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ውኃ ልታመጣ ገባች።