አባየ በሸራው ዳር

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የፕሮጀክተር ሸራ ሰቀለ። እሱ ብሎኬቱን በድሪል ሲበሳ እኔ የቆመበትን ወንበር ይዤ ነበር። አቧራው ፀጉሬ ላይ እየወረደ፣ «ዘመመ ወይስ ተስተካከለ?» ይለኛል። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ዞር ብሎ አየኝና፣ «ምነው፣ ፊትሽ ቀላ? አመመሽ?» አለኝ። አላመመኝም። ሌላ ግድግዳ ትዝ ብሎኝ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት ክረምት ላይ ቢሆንም አባየ ድግሱን ለኅዳር አቆዩት። ክረምት ወደ መንደራችን የሚያስገባው መንገድ እግር አያስነቅልም። ኅዳር ላይ ግን መሬቱ ይጠነክራል፣ በርበሬው ተለቅሞ ግቢው ሁሉ ቀይ ይሆናል፣ የሰውም ፊት ይፈታል። እስከዚያው አባየ በቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ በቡሬ ገበያም፣ «ከመምህራኑ ጋር ቆሜ አስመረቅኋት» እያሉ ያወሩ ነበር። እኔም አመንሁ። በዚያ ግርግር መካከል የት እንደቆሙ አላየሁም።

ቡሬ ፎቶ ቤት የሚሠራው ወንድሜ ይበልጣል የምርቃቴን ፊልም ለእንግዶች ላሳይ ብሎ ፕሮጀክተርና ሸራ በባጃጅ ጭኖ መጣ። አባየ፣ «የምሥራቁን ግድግዳ እንዳትነካ፤ ሥዕለ ማርያም አለበት» አሉት። በርና መስኮት የሌለበት ሌላው ግድግዳ የምዕራቡ ነው። እሱን ደግሞ እማየ ለድግሱ ብላ በዋዜማው በእበት ለቅልቃዋለች፤ አልደረቀም። ይበልጣል ምስማር በመታ ቁጥር ምስማሩ ከነምርጉ ይወርዳል።

«አንተ ልጅ፣ ቤቴን ልታፈርሰው ነው?» አለች እማየ።

በመጨረሻ እያንኳኳ ቋሚ እንጨቱን አገኘና ሸራውን እዚያ ላይ አንጋዶ ሰቀለው።

እንግዳው በልቶ ጠላው ሲዞር፣ ቤቱ እንዲጨልም በሩና መስኮቱ ተዘጋ። ለካ ግቢው ለእንግዳ እንዲለቀቅ በርበሬው ሁሉ ጓዳ ገብቷል። ቤቱ በሳል ተናጋ።

«ሲኒማውን ሳናይ በርበሬው ሊፈጀን ነው!» አሉ ጎረቤታችን አያ ታፈረ። ሰው ሳቀ።

ከዚያ እኔ ግድግዳውን አክዬ ታየሁ። ሽማግሌ ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ ልጅ፣ ቆብ እየወረወርሁ፣ ጥርሴ ሁሉ ተገልጦ። አንገቴን ደፋሁ።

«ያ ጋቢ የለበሰው ማነው?» አለ አንድ ሰው።

ቀና አልሁ። ፊልሙን በስልኬ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ግን ዳሩ ጥላ ብቻ ነበር። አሁን አባየ ናቸው። አዲሱን ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ሊያቅፉኝ ከኋላዬ ይመጣሉ። ፊልሙን የሚቀርጸው ሰው እጅ ብቅ አለና ዶሮ እንደሚያባርር ወዘወዘ። «አባት! ወዲያ ይበሉ፣ አበላሹብን እኮ!» የሚለው፣ በስልኬ ከጫጫታው ያልለየሁት ድምፁ በይበልጣል ስፒከር ጥርት ብሎ ተሰማ። አባየ እጅ ነሥተው ተመለሱና ዛፍ ሥር ቆሙ። ሸራው ላይ እኔ እስቃለሁ።

«ኧረ አንተ ጥሩነህ!» አሉ አያ ታፈረ ወደ አባየ ዞረው። «ከመምህራኑ ጋር ቆምሁ ስትለን፣ መምህራኑ ዛፎች ናቸው እንዴ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሌሎቹ ወደ አባየ ዞሩ። ቃላቸው በመንደሩ የታመነ አባቴ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ድግሳቸው ዋሾ ሊባሉ ነው። ሳላስበው ተነሥቼ ብርሃኑ ፊት ቆምሁ። ሥዕሉ ቀሚሴ ላይ ወደቀ።

«ተቀመጪ ልጄ፤ ሰው ይይ» አሉ አባየ። ከዚያ ወደ አያ ታፈረ ዞሩ። «ቀጥፌያለሁ፣ ታፈረ። ተባረርሁ ብዬ ላውራልህ ኖሯል? ያ ቀን ለልጄ ክብር ነው፤ በእኔ መባረር እንዳይጎድልባት ብዬ ነው። ከዛፉ ሥር ግን ደህና አድርጌ አይቻታለሁ።»

አያ ታፈረ ተነሥተው ዋንጫ ሞሉና እንደቆሙ፣ በሁለት እጃቸው ለአባየ ሰጡ።

ባለቤቴ ከወንበሩ ወርዶ፣ «መጀመሪያ ምን እንይበት? የምርቃትሽ ፊልም አለሽ አይደል?» አለኝ። ጠፍቷል አልሁት። አልጠፋም። የሚያሳፍረኝ መባረራቸው ብቻ አይደለም፤ እሳቸው ሲባረሩ እኔ መሳቄ ነው። አላየሁም ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ግድግዳ በሚያህል ፊት ስትስቅ የታየች ልጅ አላየሁም ብትል ማን ያምናታል?

አባየ ያምኑኛል። የሚከብደኝም እሱ ነው።