ሐዋን ያስጠረጠራት ደግነት

ሐዋ ደሴ አጠገብ ገራዶ ላይ ጎመንና ካሮት እየሸጠች አንድ ልጅ ያሳደገች፣ ጥርጣሬ የማያጣት ሴት ናት። ዱዓ የሚያደርግላትን ሰው እንኳ ምን ፈልጎ ይሆን ትላለች።

ስለዚህ ምራቷ ፋኢዛ ድንገት ተነስታ ፍል ውሃ ልውሰድዎት ስትላት ክው አለች። ልጇ ጁነይድ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ሰሞኑን አልደወለም።

መንገድ ላይ ምልክቱ በዛ። ደሴ ላይ ፋኢዛ ሹፌሩን ለምና ጋቢና አስቀመጠቻት። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ለቁርስ ጥብስ አዘዘችላትና ይብሉ እንጂ እያለች አጎረሰቻት። እኛ አገር መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ ሰው በልቶ ጠንከር ሲል ነው የሚረዳው። ሐዋ ራሷ ስንቱን እንዲህ አብልታ አርድታለች። ትሪውን ገፋ አደረገችው።

ፍል ውሃው የቦርከና ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ በከበባት ትንሽ ደሴት ላይ፣ ከጥቁር ድንጋይ ስር እየተንተከተከ ይወጣል። ጠዋት የሴቶች ተራ ነው። ውሃው ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሲያዩዋት ጥሩውን ቦታ ለቀቁላት። እነዚህም ሰምተዋል ማለት ነው አለች በሆዷ። ፋኢዛ ጀርባዋን ማሸት ስትጀምር ግን አልቻለችም።

«ልጄን የት ቀበራችሁት?»

ፋኢዛ ሳትመልስ ሐዋ ደረቷን መምታት ጀመረች። ሴቶቹም ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ አብረው አነቡ።

ፋኢዛ ሮጣ ወጥታ ደወለች። ጁነይድ ሚሌ ላይ ጎማ እየቀየረ ነበር። ሐዋ በድምፁ ብቻ አላመነችም፤ ድሮ የነበረቻቸውን ላም ስም ጠየቀችው። ሲመልስላት አልሐምዱሊላህ ብላ ምራቷን ገና እንደተጠራጠረች አየቻት።

«ታዲያ ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምታዝኝልኝ?»

«ጉልበትዎን አሞዎት ነዋ፣ እማዬ።»

ይህን አልጠረጠረችም ነበር። አፈረች፤ ደስም አላት።

ሴቶቹ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። ጥግ ላይ የነበረች አንዲት ሴት ግን ማልቀሷን አላቆመችም። ፋኢዛ ወላሂ ደህና ነው፣ ተገኝቷል አለቻት።

«የእኔው ነው ያልተገኘው» አለች ሴትዮዋ።

ሐዋ ጉልበቷን እየጎተተች አጠገቧ ሄደችና የልጁን ስም ጠየቀቻት። ምንይሉ ይባላል። ሐዋ እዚያው ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ለምንይሉ አለቀሰች።