አራት ካሪኩለም ለአንዲት ልጅ

የዓለምዘርፍ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ወደሚሰበሰቡበት የሆምስኩል ኮንፈረንስ የምትሄደው አዲስ አበባ ስትሄድ የምትይዘውን ትልቁን ሻንጣ ይዛ ነው። ባዶውን እየጎተተች ትገባለች፣ ሞልታው ትወጣለች። በየዓመቱ የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ላይ መንዳት ትፈራለችና። ልጄን ከአንደኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ቤቴ አስተምራለሁ የምትል ሴት ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ መንዳት ያቅታታል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ አሁን ተናገርኩ።

ስሜ ብርሃኔ ነው። የልጇ የሰሊና የክርስትና እናት ነኝ። የምሠራው እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዓለምዘርፍ ስለ ትምህርት ቤት ክፉ ስታወራ እኔን የሰደበችኝ ይመስለኛል። አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ አድልታለች እንዳትሉኝ ነው። አድልቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሰሊና ኪንደርጋርተን ልትገባ በነበረበት ዓመት ነው። ወረርሽኙ ገና አልወጣም፤ ሰው ሁሉ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ይፈራል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሃኒ የምትባል የአሌክሳንድሪያ ሴት እናቶቹን ሰብስባ፣ ሦስት ልጆቿን ቤቷ እንደምታስተምር፣ ልጆቿም ከእኩዮቻቸው ሁለት ክፍል እንደሚቀድሙ አወራች። የዓለምዘርፍ አፏን ከፍታ ሰማች። አዲስ አበባ እያለች ባንክ ትሠራ ነበር፤ እዚህ መጥታ ልጅ ከወለደች ወዲህ ቤት ውላለች። በማግስቱ ልጄን ቤት አስተምራለሁ የሚለውን የካውንቲውን፣ የአካባቢውን አስተዳደር፣ ቅጽ ሞላች። ባሏ ማቲያስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ እሱን የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም ይጠይቁኛል ብሎ አልጠበቀም።

ካሪኩለም፣ የዓመቱን ማስተማሪያ ማለቴ ነው፣ አመራረጧን ላጫውታችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሃኒ የገዛችውን ገዛች። ቅጠል መልቀም፣ ወፍ ማየት፣ በውሃ ቀለም መሳል ነው። የሃኒ ልጅ ኖህ ጫካ ይወዳል፤ ሰሊና ግን ጉንዳን ካየች ጫማዋን ጥላ ትሮጣለች። በአራተኛው ሳምንት ቆመ። በሁለተኛው ዓመት ላቲን ያለበትን አመጣች፤ የሞተ ቋንቋ ካማራትማ ግዕዝ ነበረላት። ሦስተኛው በኮምፒውተር የሚሰጥ ነበር፤ ሰሊና ተማረች ሲባል ሌላ ነገር ስታይ ተገኘች። አራተኛው እኔና ማቲያስ ተጋግዘን ሦስተኛ ፎቅ ያወጣነው፣ መጽሐፍ የታጨቀበት ሳጥን ነው። የዓለምዘርፍ መጽሐፍ ከመክፈቷ በፊት በእጇ ትመዝናለች። ከዚያ ሻጩን ሌላ ሀበሻ ገዝቶት እንደሆነ ትጠይቃለች። ከገዛ፣ አለቀ። ስለ ሰሊና፣ ምን እንደምትችል፣ ምን እንደሚከብዳት ግን አንድም ጊዜ ስትጠይቅ አልሰማሁም።

ኮንፈረንሱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ላወቀበት። አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ መጽሐፍ ሻጮች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ጎን ጎን ባሉት ክፍሎች ትምህርት ይሰጣል። ከሻጮቹ አንዷ መነጽር ያደረገች አሮጊት ናት። ማንኛዋም እናት ሳጥን ስታነሳ፣ መጀመሪያ ልጁ ለአስር ደቂቃ እኔ ጋ ይቀመጥ፣ የቱ ደረጃ ላይ እንዳለ እንይ፣ በነጻ ነው ትላለች። የዓለምዘርፍን ሦስት ዓመት ለምናታለች። የዓለምዘርፍ ልጄን ማን ስለሆነች ነው የምትፈትናት ብላ ሦስት ዓመት ተቆጣች። ከትምህርቶቹም መርጣ የምትገባው እናቶችን ወደሚያጽናናው ነው። ተናጋሪዋ «አንቺ ለልጅሽ ትበቂያለሽ» ትላታለች፤ የዓለምዘርፍ ታለቅሳለች፤ ሌሎቹም ያለቅሳሉ፤ መሀረብ ይታደላል። ልጅ እንዴት ማንበብ እንደሚጀምር የሚያሳየው ክፍል ደግሞ ግድግዳ ተጋርቶ አለ፤ ስድስት ሰው ተቀምጦበታል።

አሁን ወደ ማስተማሯ ልምጣ። የዓለምዘርፍ ልጅ ሆና ቄስ ትምህርት ቤት ገብታለች። የኔታ ይላሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። እሷም ሰሊናን ሶፋው ላይ ከጎኗ አስቀምጣ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ሰሊና ትቀበላለች። ደግሞ ያንኑ፣ ደግሞ ያንኑ፣ መጽሐፉ እስኪያልቅ። ልጅቷ የተባረከ ጭንቅላት አላት፤ በሦስተኛው ቀን ያለ እናቷ ትወጣዋለች፤ ጣቷንም በመስመሩ ላይ ታስኬዳለች። እንዲህማ አይደለም ብላት፣ እኛስ በቃል አይደል እንዴ የተማርነው ብላ አፌን አስያዘችኝ። እኔም ቄስ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። የኔታ በቃላችን መያዛችንን ያውቁ ነበር። ለዚህም ነው ፊደሉን በስንደዶ እየነኩ ከመሃል የሚያስጀምሩን፣ ከታች ወደ ላይ የሚያስቆጥሩን። የዓለምዘርፍ ከየኔታ የወሰደችው ጩኸቱን ብቻ ነው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ሰሊና ስምንት ዓመት ሲሞላት የልደት ሻማው ፊት ቆማ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አነበበችልን። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ቪዲዮውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ለዘመድ ሁሉ የላክሁትም እኔ ነኝ። የክርስትና ልጄ ናት፣ እዩልኝ ብዬ።

ባለፈው ማርች የካውንቲው ግምገማ ደረሰ። ቤታቸው የሚማሩ ልጆች ወላጆች የዓመቱን ሥራ በፖርትፎሊዮ አድርገው ያሳያሉ፤ እስከዚያ ጊዜ ገምጋሚዎቹ ወረቀት አገላብጠው ነበር የሚሸኙን። የዓለምዘርፍ ፋይል ደግሞ ያምራል። እያንዳንዱ ገጽ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ በየወሩ በቀለም ተለይቶ፤ ባንክ ቤት ያተረፈችው ሙያ ነው። የዚህ ዓመቷ ገምጋሚ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ላይብረሪው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ተቀምጠን ፋይሉን አየች፣ አደነቀች፣ ከዚያ ሰሊናን ትንሽ እንድታነብላት ጠየቀቻት።

ሰሊና ከትልቁ ሳጥን የመጣውን፣ የውሻና የጀልባ ታሪክ ያለበትን መጽሐፍ ከፈተች። ወረደችው። የዓለምዘርፍ ወንበሯ ላይ ተደላደለች። ግን ሰሊና የሚቀጥለውን ገጽ ቃል ሳትገልጠው ማንበብ ጀመረች። ገምጋሚዋ ቅንድቧን እንኳ አላነሳችም። ተነሥታ ከመደርደሪያው ስለ እንቁራሪት የተጻፈ ስስ መጽሐፍ አምጥታ ፊቷ ዘረጋችላት። ሰሊና መጽሐፉን አየችው። ከዚያ የእናቷን አፍ አየች።  ሰሊና ለእናቷ ሁሌ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፤ ያን ዕለት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ተናገረች።

«ማሚ፣ መጀመሪያ አንቺ በይው።»

ገምጋሚዋ ምን አለች ብላ ጠየቀች። የዓለምዘርፍ ደክሟታል ነው የምትለው ብላ መለሰች። ገምጋሚዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አማርኛ እንደምሰማ ታውቃለች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የመጽሐፍ ሳምንት ማስታወቂያ አነበብኩ፤ አንድ በአንድ፣ ስልክ ቁጥሩን ሳይቀር።

ገምጋሚዋ አልተቆጣችም። ንባቧ መሻሻሉን በሠላሳ ቀን ውስጥ አሳዩኝ፣ ካልሆነ ትምህርት ቤት መግባት ይኖርባታል አለች። ወረቀት ላይም ጻፈችው። ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ የዓለምዘርፍ የተበደለች ሰው ፊት ነበራት።

«ያላጠናችውን መጽሐፍ እኮ ነው የሰጠቻት» አለችኝ።

እኔ ቁልፌን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ገባሁ።  ቤቷ እስክንደርስ ድረስ ደግሞ ጥፋቱ የካሪኩለሙ መሆኑን ስታስረዳኝ ነበር። ሳጥኑ ደካማ ነው፤ ሃኒ ዘንድሮ አዲስ ስለወጣ አንድ ነገር ነግራታለች፤ ኮንፈረንሱ የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ከሠላሳው ቀን አስራ ስምንቱ ኮንፈረንስ በመጠበቅ አለፈ። በእነዚያ ቀናት ሰሊና የእንቁራሪቱን መጽሐፍ አጠናች። እናቷ ከላይብረሪ ተውሳው ነበር፤ ገምጋሚዋ ምናልባት እሱን ደግማ ትሰጣት ይሆናል ብላ።

አሌክሳንድሪያ ስንደርስ እኔ ሰሊናን እጇን ይዤ በቀጥታ ወደ አሮጊቷ ጠረጴዛ ወሰድኳት። የዓለምዘርፍ ሻንጣዋን እየጎተተች ተከተለችን፤ እየሰደበችኝ። ሰሊና ተቀመጠች። አሮጊቷ አንድ አንድ ፊደል በካርድ አሳየቻት፤ ድምፁን ጠየቀቻት፤ ከሃያ ስድስቱ ዘጠኙን አወቀች። ሁለት ፊደል አንድ ላይ ስታደርግላት ግን ወደ እናቷ ዞረች። አሮጊቷ ካርዶቿን ሰበሰበች። ልጅሽ በጣም ብልህ ናት፤ ሳታነብ ይህን ሁሉ ዓመት መኖር ብልህነት ይጠይቃል አለቻት። ከመደርደሪያውም የመጨረሻ ስሷን፣ የመጀመሪያዋን መጽሐፍ አውጥታ ሰጠቻት። ሽፋኑ ላይ ትልቅ ድመት አለ። የአምስት ዓመት ልጅ መጽሐፍ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

የዓለምዘርፍ መጽሐፉን በሁለት ጣት ይዛ አየችው። መልሳ አስቀመጠችው። የአራተኛ ክፍሉን ሳጥን አቀፈች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እንደ ዕድሜዋ ነው የምገዛላት አለች። ያን ጊዜ ሃኒ ልጆቿን አስከትላ በረድፉ መጨረሻ ብቅ ስትል አየሁ፤ የዓለምዘርፍም አይታለች። ሳጥኑን የበለጠ ጠበቅ አደረገችው። እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ልጅሽ ማንበብ አትችልም» አልኳት፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሀበሻ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ። «አራት ዓመት በሰው ፊት ስታስጨበጭቢባት ኖርሽ እንጂ አላስተማርሻትም።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ሳጥኑን እንዳቀፈች ቀስ ብላ ተናገረችኝ።

«አንቺስ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የክርስትና እናቷ ነሽ። በየበዓሉ ጫማ ታመጫለሽ፣ ቪዲዮ ታነሻለሽ፣ ትስቂብኛለሽ። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠሽ መጽሐፍ ገልጠሽላት ታውቂያለሽ? እኔ ባላውቅም ተቀምጫለሁ።»

   ሰሊና መሃላችን ቆማ አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች፤ አማርኛ አትሰማም የምንላት ልጅ ሁሉንም ሰምታለች።

የዓለምዘርፍ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባለ ድመቱን መጽሐፍ አነሣች። ሃኒ ደርሳ ሳመቻት፤ መጽሐፉን አየችና ለትንሽ ልጅ ስጦታ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። መሸሸጊያውን እንኳ አዘጋጅታላታለች፤ አዎ ብትላት ኖሮ ያልቅ ነበር።

«ለሰሊና ነው» አለቻት። «ማንበብ አትችልም። ልናስጀምራት ነው።»

ሃኒ አይዞሽ አለቻት፤ ትከሻዋን ዳበሰች፤ ልጆቿን ሰብስባ ሄደች። በማግስቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ማኅበሩ በሙሉ ሰምቶት ነበር። አንዳንዶቹ ለየዓለምዘርፍ እንደ ሐዘንተኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር ሰላምታ የሚሰጧት።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ቤቷ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። እኔና ሰሊና የምግቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፤ የዓለምዘርፍ ጀርባዋን ሰጥታን ዕቃ ታጥባለች። ለሠላሳው ቀን ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለው፤ ካት የሚለው ቃል፣ ድመት ማለት ነው። ሰሊና የመጀመሪያውን ድምፅ አለችው። ሁለተኛውን አለችው። ሦስተኛውን አለችው። ሦስቱን ግን ማገናኘት አልቻለችም። ደግማ ከመጀመሪያው ጀመረች። ደግሞ ተበተነባት። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። ቃሉ ምላሴ ላይ ቆሞ ያሳክከኛል፤ እንዲህ የሚያስጨንቅ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ሰሊናም ዓይኗን ከመጽሐፉ አንሥታ አፌን ማየት ጀመረች። አፌን ከፈትኩ።

የዓለምዘርፍ ፊቷን ሳታዞር ከገንዳው ሆና ተናገረች።

«ተያት ብርሃኔ። ራሷ ትድረስበት።»

አፌን ዘጋሁ። የዓለምዘርፍም ቧንቧውን ዘጋችው። ሁለታችንም ጠበቅናት።